ባላጋራ የሌለው የዘር ቈጠራ፤ ስለ ቤተ ሰብ ታሪክ መጻሕፍትና ስለ አሮጌ ጽሑፎች ምስክርነት

ትውልድን መቊጠር በኢትዮጵያ ጥንታዊ ልማድ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው አገር ልጅ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የአባቱንና የእናቱን ወገን እየለየ አያት ቅድመ አያቶቹን በቃሉ እንዲያውቅ ይደረግ ነበር። ይህም ለሁለት ጉዳይ ይጠቅም ነበር። አንደኛው እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ለመጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ርስት ለመጠየቅና የተጠየቀውንም ርስት ለመከላከል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ዛሬ የለም፤ በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የርስት ሥሪት ቀርቷልና። ቈጠራው ግን አልቀረም። ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ በአገር ውስጥና በውጭ አገር ስለ ተበተነ፣ በሽማግሌ አፍ ይኖር የነበረው ሐረግ በመጽሐፍ ታትሞ ለልጆች እንዲተርፍ የሚደክሙ ሰዎች ተነሥተዋል።

በቤተ ሰብ ወጪ ከሚታተሙት ከእነዚህ የትውልድ መጻሕፍት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ዋና አባት ይቆማል፤ ከእርሱም በታች ልጅ፣ የልጅ ልጅ እየተባለ እስከ አሳታሚው ድረስ ይወርዳል። በማስረጃነት የሚቀርቡትም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ ከጋዜጣ የተቀዳ የሹመት ወሬ፣ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተገኘ የመሬት ጽሑፍ ናቸው። ድካሙ የሚመሰገን ነው። ጉድለቱ ግን ጽሑፉን ያገኘው ሰው፣ ማን እንዳጻፈው፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተጻፈ፣ ማንንስ ለመርታት እንደ ተጻፈ ሳይጠይቅ፣ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ የዘር ማስረጃ ማድረጉ ነው።

ቀድሞ የዘር ቈጠራ ባላጋራ ነበረው። በዳኛ ፊት ወይም በሽማግሌዎች ሸንጎ አንዱ «እገሌ እገሌን ወለደ» ብሎ ሲቈጥር፣ ሌላው «አሳደገው እንጂ አልወለደውም» ብሎ ያፈርሰው ነበር። ሐሰተኛው ቈጠራ ሁሉ በዚህ ተገለጠ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቈጣሪው የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። ለታተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ተከራካሪ አይቆምለትም። ያሳተመው ቤተ ሰብ ነው፤ የሚያነበውም ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ባላጋራ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የጽሑፍ ምርመራ ሊሠራው ይገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው አስተያየት እያንዳንዱ የጽሑፍ ዓይነት ምን ሊመሰክር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለመለየት የታሰበ ነው። «እ. ኤ. አ.» ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. የቃል ቈጠራ

ጽሑፍ ከመመርመሩ አስቀድሞ የቃል ቈጠራው ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ. ኤ. አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ አገር ሥርዓት ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር፤ በሴት አያት በኩል የሚቈጠር ድርሻ በወንድ አያት በኩል ከሚቈጠረው የተለየ አልነበረም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሊቈጥራቸው የሚችላቸው አባቶች እጅግ ብዙ ነበሩ። ቈጥሮ የሚያቆያቸው ግን መሬት ያስገኙለትን፣ ወይም ያስገኙልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገባቸውን ነበር። ሐረጉ ወደ መሬቱ የመጀመሪያ ባለቤት ወደ ዋናው አባት ይመዘዛል፤ የዋናው አባት ልጆች ምንዝር አባቶች ተብለው የድርሻው መክፈያ ይሆናሉ። ከምንዝር አባቶች አንዱ ቢዘለል ወይም አንድ ቢጨመር የሁሉም ወራሾች ድርሻ ይለወጣል። ስለዚህ በሁለት ቈጣሪዎች መካከል ልዩነት ሲገኝ አንዱ አስታውሶ ሌላው ረስቶ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ልዩነቱ የቈየ ክርክር ቅሪት ሊሆን ይችላል።

የትውልድ መጻሕፍት ይህን ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ደራሲው የሚነሣው ከስሙ ነው፤ ኢትዮጵያዊ በስሙ ላይ የአባቱን፣ የአያቱን ስም እየጨመረ ስለሚጠራ፣ ስሙን ወደ ላይ ሲከተል የሚያገኘው የወንዶች መስመር ብቻ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ በልማድ ግን አልሰረጸም። እንግዲህ መጽሐፉ ከአባት ወደ አባት በቀጥታ ሲወጣ የሚያሳየው የስም አጠራርን ሥርዓት ነው እንጂ ቤተ ሰቡ የኖረበትን የዝምድና ሥርዓት አይደለም። መሬቱ በአያት በኩል የመጣለት ቤተ ሰብ፣ ያችን አያት በመጽሐፉ ውስጥ «ሚስቱ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ካሳለፋት፣ የራሱን ታሪክ ግማሹን ጥሎታል።

ለ. የመሬት ጽሑፎች

የመሬት ጽሑፎች በአብዛኛው የሚገኙት በወንጌል ወይም በሌላ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ እርቅና ፍርድ በዚያ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አይወጣም፤ ውሉን የሚያፈርሰውንም ሰው ውግዘት ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ከዚህ የሚሻል መዝገብ አልነበረም። ዶናልድ ክረሚ እ. ኤ. አ. በ2000 ያሳተመው ስለ መሬትና ስለ ማኅበረ ሰብ የሚናገረው ታላቅ ጥናት በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው።

ከጎንደር የመጣ ቤተ ሰብ ግን የአባቶቹን ጽሑፍ በጎንደር ብቻ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል። ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወስደው ነበር፤ በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. መቅደላ በተያዘ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከእነዚያ መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉትን ወደ ለንደን አሻግሯል። ዛሬ በብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በኅዳጋቸው የተጻፈው የጎንደር ሰዎች ሽያጭና ውርስም አብሮ ሄዷል። የመጻሕፍቱ መወሰድ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሥዕላቸውና ጥንታዊነታቸው ነው፤ የብዙ ቤተ ሰብ የውል መዝገብ መሆናቸው ግን እምብዛም አይነሣም።

ከእነዚህ ጽሑፎች የሚገኘው የመጀመሪያው ትርፍ ሴቶችን የሚመለከት ነው። ክረሚ እ. ኤ. አ. በ1982 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በ18ኛውና በ19ኛው ምእተ ዓመት በበጌምድር ሴቶች መሬት ይይዙ፣ ያወርሱ፣ በዳኛም ፊት ቆመው ይከራከሩ ነበር። ከአባት ወደ አባት ብቻ በሚወጣው የትውልድ መጽሐፍ ያልተገኘችው አያት በወንጌሉ ኅዳግ ላይ በስሟ ተጠርታ ልትገኝ ትችላለች።

ሆኖም ጽሑፉ ሲነበብ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ስለ ዘመን ነው። ብዙው ጽሑፍ ዓመቱን በቊጥር አይናገርም፤ «በእገሌ መንግሥት፣ እገሌ አለቃ ሳለ፣ በዘመነ ሉቃስ» ይላል እንጂ። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ብቻውን ዘመንን አይለይም፤ ንጉሡና አለቃው ግን ያጠብቡታል። ዓመተ ምሕረቱ በቊጥር በተገለጠ ጊዜ ደግሞ ወንጌላዊው መመርመሪያ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የዐድዋ ድል የሆነበት 1888 ዓ. ም. ምንም ሳይተርፍ ለ4 ይካፈላልና ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዚያ ዓመት ተጻፍሁ የሚል ውል «ዘመነ ማቴዎስ» ቢል፣ ወይ ጸሓፊው ተሳስቷል፣ ወይ ጽሑፉ ኋላ የተገለበጠ ነው፣ ወይም ደግሞ ሐሰተኛ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ስም ነው። በአንድ ሰው ላይ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የማዕረግ ስም ይደራረባል። እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባሉ ነበር። እርሳቸው ንግሥት ስለ ነበሩ ሦስቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸው ይታወቃል። በአንዲት ባላገር ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢገኝ ግን የትውልድ መጽሐፍ ደራሲ አንዷን ሴት ሁለት፣ ወይም ሁለቱን ወለተ ማርያም አንዲት ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ዝምድና ቃላት ነው። «ልጅ» ማለት የሥጋ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ የንስሐ ልጅ አለ፤ «ልጅ» ደግሞ የመኳንንት ልጆች መጠሪያ ማዕረግ ነው። «አባት» እንደዚሁ የንስሐ አባት፣ የክርስትና አባት፣ በሙግትም የነገር አባት ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የተገኘውን «አባቱ» የሚለውን ቃል ሁሉ ወላጅ አድርጎ የሚተረጕም ሰው ካህኑን ወይም ጠበቃውን የቤተ ሰቡ አያት ያደርገዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚታመነው ብዙ ጊዜ ከባለ ጉዳዮቹ ስም ይልቅ የእማኞቹና የዋሶቹ ስም ነው። ባለ ጉዳዩ በጽሑፉ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እማኙ ግን የሚያገኘው መሬት የለም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ማዕረግ እንደ ነበረ ከመናገር በቀር ሌላ የሚያተርፍለት ስለሌለ ስሙ ለታሪክ መርማሪ ታላቅ ዋጋ አለው። የትውልድ መጻሕፍት አሳታሚዎች ግን ከጽሑፉ ላይ የመሬቱን ባለቤት ብቻ ቀድተው የእማኞቹን ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይተዉታል።

ሐ. ደብዳቤዎች

ደብዳቤ ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ ልብን ይስባል፤ የሟች ድምፅ የሚሰማበት ይመስላልና። ነገር ግን በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ በአብዛኛው የጸሓፊ ሥራ ነበረ። «ይድረስ ከ…» ብሎ ይነሣል፤ ጤናን ይጠይቃል፤ የላኪውን ደኅንነት ተናግሮ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ወደ ጉዳዩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የአጻጻፍ ልማድ ስለ ሆነ የላኪውን ጠባይና ትሕትና ከሰላምታው ለማንበብ መሞከር ከንቱ ነው። ማኅተሙም ቢሆን ደብዳቤው በማን ስም እንደ ወጣ ይናገራል እንጂ ማን እንደ ጻፈው አይናገርም። «ወንድሜ» የሚለው ቃል በነገሥታት መካከል ሲጻፍ የሥጋ ዝምድናን እንደማያመለክት ሁሉ በመኳንንትም ደብዳቤ «አባቴ» እና «ልጄ» ብዙ ጊዜ የአክብሮትና የፍቅር ቃላት ናቸው።

ደብዳቤ በእርግጥ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ማዕረግ ዘመንን ይናገራል። ተፈሪ መኰንን ከመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ. ም. ጀምሮ ንጉሥ ተባሉ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ. ም. ካረፉ በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ስለዚህ «ንጉሥ ተፈሪ» ብሎ በሕይወት ያሉትን ገዢ የሚጠራ ቀን የሌለው ደብዳቤ በእነዚህ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወራት ውስጥ የተጻፈ ይሆናል። የቤተ ሰቡም አያት በዚያ ደብዳቤ «ፊታውራሪ» ተብሎ ከተጠራ፣ ቤተ ሰቡ ሹመቱን የቱንም ያህል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ቢያደርገው፣ በዚያ ጊዜ ፊታውራሪ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ሌላው ቁልፍ የፈረስ ስም ነው። አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ ራስ አሉላ፣ አባ ነፍሶ ደጃዝማች ባልቻ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ስማቸው ያልገነነ መኳንንት ግን በፈረስ ስማቸው ብቻ ተጠርተው ሲገኙ ማንነታቸው ይጠፋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እ. ኤ. አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት «ቼ በለው» የተባለው ጽሑፍ የፈረስ ስሞችን በመሰብሰቡ ለዚህ ሥራ ጠቃሚ ነው። የ1942 ዓ. ም. መጽሐፋቸው «ዝክረ ነገር»ም የመንግሥትን ሥርዓትና የመሬትን ሥሪት ስለሚያስረዳ፣ በደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሰ ሥራ ወይም ግብር ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ይረዳል። ስቬን ሩቤንሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተማቸው የ19ኛው ምእተ ዓመት ደብዳቤዎችና ውሎችም ደብዳቤ እንዴት ሊታተም እንደሚገባ ምሳሌ ይሆናሉ። የትውልድ መጻሕፍት ደብዳቤውን በፎቶግራፍ ብቻ አትመው ከሥሩ «የአያታችን ደብዳቤ» ብለው ከመጻፍ ይልቅ ቃሉን በሙሉ ቢያወጡት፣ ማን ጋር እንደ ተገኘም ቢናገሩ ለአንባቢው ይጠቅሙት ነበር።

መ. ጋዜጦችና የታተሙ የሕይወት ታሪኮች

ጋዜጣ ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር ቀኑ የታወቀ መሆኑ ነው። በዓፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ወጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» በየሳምንቱ ሐሙስ ይታተም ጀመር። የሹመት፣ የጕዞና የዕረፍት ወሬ ከእነዚህ ሲገኝ ለሌላው ማስረጃ ሁሉ እንደ ካስማ ይሆናል። የጋዜጣው ዓይን ግን በአዲስ አበባና በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ስለ ነበረ፣ በአውራጃ የኖረ ሰው በጋዜጣ አለመገኘቱ ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ የትውልድ መጻሕፍት ሁሉ የሚፈተኑበት አንድ ዘመን አለ፤ እርሱም ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ያለው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እስከ 1928 ዓ. ም. ድረስ የአያቱን ሹመት በየዓመቱ የሚቈጥር መጽሐፍ፣ እነዚህን አምስት ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘልሎ በ1933 ዓ. ም. ታሪኩን ሲቀጥል መርማሪው ሊያቆመው ይገባል። ለማፈር ወይም ለማሳፈር አይደለም። ያ አያት በዱር አርበኛ ኖሮ እንደ ሆነ፣ ወይም በእስር፣ ወይም በስደት፣ ወይም ለወራሪው ገብቶ እንደ ሆነ ሳይነገር የቤተ ሰቡ ታሪክ ተጻፈ ሊባል ስለማይቻል ነው። በዚያ ዘመን በአማርኛ ይታተም የነበረው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የወራሪው ልሳን ስለ ነበረ፣ ስለ ገቡ ሰዎች የሚለው ሁሉ እንደ ወረደ አይታመንም፤ ነገር ግን ጨርሶ ሊታለፍም አይገባም። የወዳጅ ጽሑፍ የሚመረመረውን ያህል የጠላትም ጽሑፍ ይመረመራል፤ አይቃጠልም።

ከታተሙት የሕይወት ታሪኮች ቀዳሚው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ. ም. በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ነው። የታወቁ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የሚናገር ስለ ሆነ፣ የትውልድ መጽሐፍ የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ የሚገልጠው እርሱን ነው። የመጽሐፉ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ደራሲው ከብዙዎቹ ባለ ታሪኮች ጋር በአንድ ዘመን ስለ ኖሩ፣ ሌላ ጽሑፍ የማይሰጠውን ያቆያሉ። ነገር ግን መጽሐፉ የተመረጡ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ምርጫው በክብር ነው እንጂ በዘር ሙሉነት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ወንድም በዚያ ቢጠቀስና ሌሎቹ ባይጠቀሱ፣ ሌሎቹ አልነበሩም ማለት አይደለም። ብዙ የትውልድ መጽሐፍ ግን የከበረውን ወንድም ዘር አስፍቶ የቀሩትን ወንድሞችና እኅቶች በስም ብቻ ያልፋቸዋል። መታሰቢያና ቈጠራ ተደባልቀዋል ማለት ነው።

ሠ. በጽሑፍ ያልገቡ ሰዎች

ከላይ የተጠቀሱት ጽሑፎች ሁሉ የተጻፉት መሬት፣ ሹመት ወይም ክብር ስለ ነበራቸው ሰዎች ነው። በየቤቱ ግን እነዚህ የሌሏቸው ብዙ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ባርነትን ለማስቀረት በመጋቢት 1916 ዓ. ም. አዋጅ ወጣ፤ በነሐሴ 1934 ዓ. ም. ደግሞ ፈጽሞ ተሻረ። ከዚያ በፊት በባርነት ወደ አንድ ቤት የገባ ሰው በጥምቀት አዲስ ስም ይሰጠው ነበር፤ የወላጆቹም ስም ብዙ ጊዜ አይጠየቅም ነበር። ልጁ «ውላጅ»፣ የልጅ ልጁ «ፍናጅ» እየተባለ እንደ ተቈጠረ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፤ ቈጠራው ለእነርሱም ነበረ፣ ነገር ግን ርስት ለመስጠት ሳይሆን ከርስት ለማራቅ ነበረ።

በጦርነት ተማርከው መጥተው ለታላቅ ማዕረግ የበቁ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ከቸቦ ተማርከው መጥተው፣ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ የአባታቸውም ስም ዲነግዴ ከእርሳቸው ስም ጋር ቀርቷል። ይህ ስም የተረፈው ባለቤቱ ስለ ከበሩ ነው። ከእርሳቸው ጋር በአንድ ዘመቻ የተማረኩት የሌሎች ልጆች አባቶች ስማቸው የት እንደ ደረሰ ማንም አልጻፈም።

የትውልድ መጽሐፍ ደራሲ በዚህ ስፍራ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው በቤቱ ያደገውን፣ ከቤተ ሰቡም ጋር የተቀበረውን ሰው ጨርሶ መተው ነው፤ ሁለተኛው «አጎት» ብሎ በሐረጉ ውስጥ በዝምታ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው በደል ነው። ሁለተኛው ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውየውን የራሱን ወላጆች ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋቸዋል። እውነተኛው መንገድ በዚያ ቤት እንደ ኖረ፣ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ፣ ከየት እንደ መጣም የሚታወቅ ነገር ካለ በግልጽ መጻፍ ነው። ለዚህ የሚረዳው ጽሑፍ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ የሚናዘዘው ሰው ለሞት ቀርቦ፣ በንስሐ አባቱና በእማኞች ፊት የሚናገረው ስለ ሆነ፣ ነፃ የወጡ ሰዎችና ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በስማቸው ተጠርተው ሊገኙበት ይችላሉ። ወራሾቹን የሚጐዳ ቃል ስለ ሆነም ከሚጠቅማቸው ቃል ይልቅ ይታመናል።

ረ. ስለ አሠራሩ

ወደ ፊት ከመንግሥት መዝገብ ብዙ ማስረጃ ይጠበቃል። የ1952ቱ ሕግ ያሰበው የክብር መዝገብ ሳይቋቋም ብዙ ዘመን አልፏል፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገሪቱ ሁሉ የተጀመረው በአዋጅ ቊጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለኖሩት ትውልዶች ግን ያለው ማስረጃ የሽማግሌ ቃልና የተበታተነ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚታተመው የትውልድ መጽሐፍ ነገ ለሚጽፈው ምንጭ መሆኑ አይቀርም። ስሕተቱ ሳይመረመር ከታተመ የሚቀጥለው ደራሲ «በመጽሐፍ ተጽፏል» ብሎ ይጠቅሰዋል፤ በሦስተኛውም መጽሐፍ ላይ ታሪክ ይሆናል።

ይህን ለመከላከል ታላቅ ሊቅነት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከማን ቃል ወይም ከየትኛው ጽሑፍ እንደ ተገኘ ይጻፍ። ሁለት ቈጠራዎች ሲለያዩ አንዱ ተመርጦ ሌላው አይቀበር፤ ሁለቱም ከነቈጣሪዎቻቸው ስም ይቀመጡ። የእናቶች ወገን ከአባቶች ወገን እኩል ይቈጠር። ያልታወቀውም ስም ስፍራው ባዶ ሆኖ ይታይ፤ ባዶው ስፍራ ለሚመጣው መርማሪ ሥራ ይሰጠዋል፤ በግምት የተሞላው ግን ሥራውን ይዘጋበታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል ነበር። መሬቱ ዛሬ በዚህ መንገድ አይጠየቅም፤ ስም ግን ይጠየቃል። በሙግቱ ዘመን ሽማግሌው ምስክሩን «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ የትውልድ መጽሐፍ የሚያሳትምም ሰው በእያንዳንዱ ስም ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ ሊገኝ ይገባዋል።